ፖኒው ወፍሯል ወይስ አልወፈረም? በዓይን፣ በእጅና በሜትር የመለየት ዝርዝር መመሪያ

ብሪታኒያ ውስጥ ለልጅዎ ፖኒ (ቁመቱ አጭር የሆነ የፈረስ ዝርያ) የገዙ ወይም የተከራዩ፣ ወይም ጋጣ ተቀጥረው ፈረስ የሚንከባከቡ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድመው ሊለምዱት የሚገባ ሥራ አለ፦ የፖኒውን ውፍረት በገዛ እጅዎ ዳስሶ ማወቅ። ኮርቻ መጫኑም ልጓም ማግባቱም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እኛ ባደግንበት አገር የፈረስ ችግሩ ክሳት ነው። የጋሪ ፈረስ ጎድኑ ተቆጥሮ፣ ጀርባው ተልጦ ስናይ አንጀታችን ይላወሳል። ዳሌው የሞላ፣ ጠጉሩ የሚያብረቀርቅ ፈረስ ካየን ደግሞ ባለቤቱን እናመሰግናለን። በዚህ ዓይን እዚህ ያለውን ፖኒ ብንመዝነው ግን እንሳሳታለን። የብሪታኒያ አገር በቀል ፖኒዎችን ከምንም በላይ የሚጎዳቸው ጥጋብ ነው። የአገሬው ሰውም ቢሆን ወፍራም ፖኒ ከማየቱ ብዛት ወፍራሙን እንደ ጤነኛ መቁጠር ለምዷል፤ ስለዚህ «ጎረቤቴ ያለው ፖኒም እንዲሁ ነው» የሚለው ማነጻጸሪያ አይጠቅምም።

ፖኒዎቹ እንዲህ የሆኑበት ምክንያት ትውልዳቸው ነው። ሼትላንድ፣ ኤክስሙር፣ ዳርትሙር፣ ዌልሽ፣ ኒው ፎረስት፣ ፌል፣ ዴልስ፣ ሃይላንድ፣ እንዲሁም የአየርላንዱ ኮኔማራ በነፋስና በዝናብ በሚገረፍ ደጋ፣ በረግረግና በደሴት ላይ ለዘመናት የኖሩ ዝርያዎች ናቸው። የሚበሉት ሻካራ ሣርና ቁጥቋጦ ነበር። በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ያገኙትን ሁሉ ስብ አድርገው ያስቀምጡና በብርዱ ወራት ያንኑ ስብ እያቃጠሉ ይከርማሉ፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ጎድናቸው ሲታይ የተፈጥሮ ሥርዓታቸው ነው። ዛሬ ግን አብዛኞቹ የሚግጡት ለወተት ላም ተብሎ የተሻሻለ፣ ስኳሩ የበዛ ሣር ነው። ብርዱ ሲመጣ ብርድ ልብስ ይደረብላቸዋል፣ ጋጣ ይገባሉ፣ ድርቆሽ ይቀርብላቸዋል። የሚቃጠለው ስብ ሳይቃጠል ጸደይ ይደርሳል፤ በላዩ ላይ አዲስ ይጨመራል። በየዓመቱ እንዲህ ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እጽፋለሁ? ላሚናይተስ በሚባለው የሰኮና በሽታ ምክንያት ነው። በሰኮናው ግድግዳና በውስጡ ባለው አጥንት መካከል እንደ ቅጠል የተደራረበ ሥጋ አለ፤ የፈረሱን ሙሉ ክብደት አጥንቱ ላይ አንጠልጥሎ የያዘው እሱ ነው። የወፈረ ፖኒ ደሙ ውስጥ ኢንሱሊን ከልክ በላይ ሲያልፍ ይህ መያዣ ይላላል፣ ይጎዳል። ሲብስ አጥንቱ ከቦታው ይዞራል ወይም ወደ ታች ይሰምጣል። ሕመሙ እጅግ ከባድ ነው፤ መዳን ያልቻለ ፖኒ በሐኪም እጅ እንዲሞት ይደረጋል። ከዚህ መከራ አብዛኛውን አስቀድሞ መከላከል የሚቻለው ደግሞ ውፍረቱን በጊዜ በማወቅ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ፖኒውን ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙት። ብርድ ልብሱ ይውለቅ፣ አራቱም እግሮቹ እኩል ይቁሙ፣ አንገቱ በመካከለኛ ከፍታ ይሁን፤ አንገቱን ቀና ካደረገ ወይም ካጎነበሰ ማጅራቱ ላይ ያለው ስብ ሌላ መልክ ይሰጣል። ልጅዎ ወይም ሌላ ሰው ገመዱን ይያዝልዎ።

የሚያስፈልግዎ ደብተር፣ ስልክና የሚታጠፍ ሜትር ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለብዙዎቹ ፖኒዎች ያጥራል፤ የፈረስ ዕቃ መሸጫ ሱቆች ውስጥ ለዚሁ ሥራ የተሠራ፣ አንዱ ፊት በሳንቲ ሜትር፣ ሌላው በኪሎ የተጻፈበት ሜትር በርካሽ ይገኛል። የግንበኛ የብረት ሜትር አይጠቀሙ፤ ገላው ላይ አይተኛም፣ ድምፁም ፈረስ ያስደነግጣል።

ደረጃ 1፦ ራቅ ብለው ይመልከቱ

መጀመሪያ በጎን ቆመው፣ ቀጥሎ ከኋላ በኩል ይመልከቱት። ከኋላ ሲሄዱ ድምፅዎን ያሰሙት፤ ወደ እግሩም አይጠጉ።

በጎን ሲያዩ አንገቱ ከትከሻው ጋር የሚገናኝበት፣ ትከሻው ደግሞ ከጎድኑ የሚለይበት መስመር በግልጽ ሊታይ ይገባል። ሁሉም ነገር አንድ ወጥ ሆኖ ከአንገት እስከ ጭራ ያለ ድንበር ከተያያዘ ስብ ሸፍኖታል ማለት ነው። ከኋላ ሲያዩ ዳሌው ለስለስ ያለ ክብ ቢሆን መልካም ነው። መሐሉ ላይ፣ ከወገቡ እስከ ጭራው ሥር፣ ዝናብ ቢዘንብ ውኃ የሚሄድበት ቦይ የመሰለ ስርጉድ ካዩ ግን ያ ስርጉድ የተፈጠረው ግራና ቀኙ በስብ ተነፍቶ ነው፤ አከርካሪው ከታች ቀርቷል።

ሆዱ ግን አያታልልዎ። ሰዎች ከሁሉ ቀድመው የሚያዩት ሆድን ነው፤ ፍርዳቸው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። ሻካራ ድርቆሽ በብዛት የሚበላ ፖኒ ሆዱ ይንዘረጠጣል፤ ስብ ላይኖረው ይችላል። ትል የበዛበትም፣ ያረገዘች ባዝራም ሆዳቸው ትልቅ ነው። ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑና አከርካሪው የሾለ ፖኒ ካጋጠመዎ ያ ፖኒ ከስቷል፤ ጥርሱና ትሉ ይመርመር። በተቃራኒው ደግሞ ሆዱ ሰብሰብ ያለ፣ ነገር ግን ትከሻውና ዳሌው በስብ የተሞላ ፖኒ አለ፤ ላዩን ያየ ሰው «ቀጭን ነው» ይለዋል።

ፎቶ ያንሱ። በጎንና በኋላ፣ ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ቦታ። በየቀኑ የሚያዩት እንስሳ ሲለወጥ አይታወቅዎትም፤ ከሁለት ወር በፊት የተነሣው ፎቶ ግን ያሳይዎታል።

ደረጃ 2፦ በእጅዎ ይዳስሱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ አይቸኩሉበት። በተለይ ከጥቅምት እስከ መጋቢት የእነዚህ ፖኒዎች ጠጉር ጣትን የሚውጥ ስለሆነ ዓይን ምንም ሊነግርዎ አይችልም። ሼትላንድና ኤክስሙር በብርድ ጊዜ ድርብ ጠጉር ያበቅላሉ፤ ከላይ ረጅምና ውኃ የሚያንሸራትት፣ ከሥሩ አጭርና የሚያሞቅ። ከዚያ ሥር የከሳም የወፈረም ፖኒ አንድ ይመስላል።

ከጎድን ይጀምሩ። ከፖኒው ግራ ጎን ቆመው የአራት ጣቶችዎን ጫፍ ከክርኑ ኋላ፣ በጎኑ መሐል ላይ ያሳርፉና ጠጉሩን ተሻግረው ቆዳው እስኪሰማዎ ድረስ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሳቡ። ምን እንደሚጠብቁ ለማወቅ መጀመሪያ የራስዎን እጅ ይዳስሱ። እጅዎን ዘርግተው በጀርባው በኩል፣ ከጣቶቹ ሥር ያሉትን አጥንቶች በሌላው እጅ ጣት ሲያልፉባቸው ይሰማሉ፣ ግን አይቆረቁሩም፤ የፖኒው ጎድን እንዲህ ሊሰማዎ ይገባል። ቡጢ ጨብጠው አንጓዎቹን ሲነኩ እንደሚሰማው ከሾለ ከስቷል። እጅዎን ገልብጠው የመዳፍዎን ሥጋ ሲዳስሱ እንደሚሰማው ከሆነ፣ አጥንቱን ለማግኘት መጫን ግድ ካለዎ፣ ወፍሯል። ጭራሽ እየተጫኑም አንዱን ጎድን ከሌላው መለየት ካቃትዎ በጣም ወፍሯል።

ሦስት አራት ቦታ ላይ ይሞክሩ። ብዙ ፖኒዎች ከክርኑ ኋላ፣ ጎድንና ትከሻ በሚገናኙበት ጥግ፣ የተለየ የስብ ትራስ አላቸው። እጅዎን ከትከሻው ወደ ጎድኑ ሲያሻግሩ መውረጃ ሊኖር ይገባል፤ መውረጃው ሞልቶ እጅዎ ሜዳ ላይ እንደሄደ ከተንሸራተተ ይጻፉት።

ቀጥሎ ጀርባና ወገብ። መዳፍዎን አከርካሪው ላይ በአግድም ይጫኑ። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ፖኒ አከርካሪው አይሾልም፣ አይሰምጥምም፤ ግራና ቀኙ በጡንቻ የተሞላ ነው። ጣትዎ ወደ መሐል ስርጉድ ከገባ፣ ግራና ቀኙም እንደ ሊጥ ከለሰለሰ፣ ያ ስብ ነው። ጡንቻና ስብን ለመለየት የሚረዳ አንድ ነገር ልንገርዎ፦ ፖኒውን አንድ ሁለት እርምጃ ያስኬዱትና እጅዎን ሳያነሡ ይከተሉት። ጡንቻ ሲሠራ ይጠነክራል፣ ይላላል፤ ስብ ግን ይርገበገባል እንጂ አይጠነክርም።

ከዚያ ዳሌና የጭራ ሥር። የዳሌ አጥንቶቹን በቀላል ጫና ማግኘት መቻል አለብዎ። በጭራው ሥር ግራና ቀኝ ለስላሳ እብጠት ካለ የስብ ክምችት ነው። በመጨረሻም፣ ፖኒው ከፈቀደልዎ፣ በኋላ እግሮቹ መካከል ይመልከቱ። በሰንጋው ብልት ዙሪያ፣ በባዝራዋ ደግሞ በጡቷ አካባቢ ስብ ተቋጥሮ ያበጠ ከሆነ፣ ሌላው አካል ምንም ይምሰል፣ ጉዳዩን ቀላል አድርገው አይዩት።

ደረጃ 3፦ ነጥብ ይስጡ

በብሪታኒያ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ከ0 እስከ 5 ያለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በካሮልና በሃንቲንግተን ጥናት የቀረበ። በአሜሪካ ያሉ አንባቢዎች የሚያውቁት ከ1 እስከ 9 ያለው የሄኔክ መለኪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ሁለቱን አይቀላቅሉ፤ በአንዱ 5 ማለት መካከለኛ ሲሆን በሌላው 5 ማለት ከባድ ውፍረት ነው። እዚህ የምጠቀመው በ0–5 ነው።

አንገት፣ ጀርባና ጎድን፣ ዳሌ፤ ለሦስቱም ለየብቻ ነጥብ ይስጡ። ግማሽ ነጥብ ይፈቀዳል።

0 አጥንት ብቻ የቀረው ነው። 1 ጎድኑና ዳሌው በዓይን የሚቆጠር። 2 ጎድኑ ጥቂት የሚታይ፣ ዳሌው ጠፍጠፍ ያለ፣ ግን ጤነኛ። 3 ጎድኑ ተሸፍኖ በቀላሉ የሚዳሰስ፣ ዳሌው ክብ፣ ጀርባው ላይ ቦይ የሌለው። 4 ጎድኑ በጫና ብቻ የሚገኝ፣ ከጀርባው እስከ ጭራው ቦይ የጀመረ፣ አንገቱ ላይ ጠንከር ያለ ክምር ያለው። 5 ጎድኑም ዳሌውም በስብ የተቀበረ፣ ቦዩ የጠለቀ፣ ቆዳው የተወጠረ።

የመጨረሻው ነጥብ መነሻው የዳሌው ነው። የዳሌው ነጥብ ከአንገቱ ወይም ከጀርባው በ1 ወይም ከዚያ በላይ ከተለየ በግማሽ ነጥብ ወደነሱ ያስጠጉት። ለምሳሌ አንገቱ 4፣ ጀርባና ጎድኑ 4፣ ዳሌው 3 ከሆነ የፖኒው ነጥብ 3.5 ይሆናል። ለአገር በቀል ፖኒ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3 ነው። እኔ ከብርዱ ወራት ሲወጣ 2.5 ላይ ሳገኘው ነው ልቤ የሚያርፈው፤ ከፊቱ የጸደይ ሣር አለና።

ድንጉላ ከሆነ አንገቱ በተፈጥሮው ስለሚጎላ ፍርድዎን ከጎድንና ከዳሌ ይውሰዱ። ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ፖኒ ደግሞ ጀርባው ከስቶ ማጅራቱ ላይ ብቻ ስብ ቢከማች፣ ጠጉሩም በሙቀቱ ወራት ሳይረግፍ ቢቀር፣ የኩሺንግ በሽታ (ያረጁ ፈረሶችን የሚይዝ የሆርሞን መዛባት) ሊሆን ስለሚችል ሐኪም በደም ምርመራ ይየው።

ደረጃ 4፦ ማጅራቱን ለብቻው ይመርምሩ

ከጋማው ሥር፣ ከጆሮዎቹ መካከል እስከ ትከሻው ጉብታ ባለው መስመር ላይ የሚከማቸው ስብ ከሌላው ስብ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ሌላው አካሉ ሲከሳ እንኳ ይህ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል፤ ከኢንሱሊን ችግርና ከላሚናይተስ ጋርም ተያይዞ የሚታየው እሱ ነው። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ከ0 እስከ 5 የሆነ የራሱ መለኪያ አለው።

ጋማውን ወደ አንድ ጎን ያድርጉና ማጅራቱን ከላይ በኩል በአውራ ጣትዎና በአራቱ ጣቶችዎ መካከል ይያዙት። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለማጠፍ ይሞክሩ። ምንም ክምር ካልተሰማዎ 0፣ በዓይን ሳይታይ ለእጅ ትንሽ ከተሰማ 1 ነው። በአንድ እጅ በቀላሉ ተይዞ የሚታጠፍ ከሆነ 2 ነው። እጅዎን የሚሞላ፣ መሐሉ ጉብ ያለ፣ ለመታጠፍ እምቢ የሚል ከሆነ 3። በአንድ እጅ የማይጨበጥ፣ በአግድም መጨማደድ የጀመረ ከሆነ 4። ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ጥሎት ተንጋዶ የቀረ ከሆነ 5።

3 እና ከዚያ በላይ ካገኙ፣ የሰውነቱ ነጥብ 3 ቢሆን እንኳ፣ ፖኒውን ለላሚናይተስ የተጋለጠ አድርገው ይያዙት።

ደረጃ 5፦ በሜትር ይለኩ

የእጅ ፍርድ በሰው ይለያያል፤ ቁጥር ደግሞ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። የሚለኩት ሦስት ነገር ነው።

የደረት ዙሪያ፦ ሜትሩ ከትከሻው ጉብታ ኋላ ተነሥቶ ከፊት እግሩ ክርን ኋላ ዞሮ ይመለስ። ፖኒው ትንፋሹን ሲያስወጣ ያንብቡ፤ ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይሰርስር።

የገላ ርዝመት፦ ከፊት የትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ ኋላ የቂጡ አጥንት ጫፍ፣ ቀጥታ። ይህ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

የሆድ ዙሪያ፦ ሆዱ በጣም ሰፊ በሆነበት ቦታ። ለስሌቱ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ፖኒ መክሳት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀንሰው ይህ ነው፤ ስለዚህ ተስፋ እንዳይቆርጡ ይረዳዎታል።

ክብደቱን በግምት ለማወቅ የደረቱን ዙሪያ በራሱ ያባዙ፣ ውጤቱን በርዝመቱ ያባዙ፣ ከዚያ ለ11,880 ያካፍሉ። አንድ ትንሽ የዌልሽ ፖኒ እንውሰድ፤ ደረቱ 152 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 132። 152 በ152 ሲባዛ 23,104፤ በ132 ሲባዛ 3,049,728፤ ለ11,880 ሲካፈል ወደ 257 ኪሎ ይመጣል። ይህ ግምት ነው፤ በትክክለኛ ሚዛን ላይ ቢቆም ብዙ ኪሎ ሊለይ ይችላል። ጥቅሙ ለውጡን ማሳየቱ ነው። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ፣ ያው ሰው፣ በዚያው ሜትር፣ በቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካ። አንዳንድ የእንስሳት ሐኪሞችና የመኖ ኩባንያዎች ተንቀሳቃሽ ሚዛን ይዘው ወደ ጋጣዎች ይመጣሉ፤ ዕድሉን ካገኙ አይለፉት።

እዚህ ላይ የጋላቢውን ነገር ላንሳ። ብዙ የፈረስ ቤቶች ጋላቢና ኮርቻ ተደምረው ከፖኒው ክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ እንዳያልፉ ይወስናሉ። ስሌቱ መሠራት ያለበት ፖኒው ሊኖረው በሚገባው ክብደት ነው። የላይኛው ፖኒ 257 ኪሎ ቢመዝንም ተገቢው 230 ቢሆን፣ 15 በመቶው 34.5 ኪሎ ነው፤ በ257 ካሰሉት 38.5 ይሆንልዎታል። ወፍራም ፖኒ የራሱን ትርፍ ስብ ተሸክሟል፤ ያንን እንደ ጉልበት ቆጥሮ ከባድ ልጅ መጫን በእንስሳው ላይ ሸክም በሸክም መጨመር ነው።

ደረጃ 6፦ ወሩን ከግምት ያስገቡ

አንድ ዓይነት ነጥብ በተለያየ ወር የተለያየ ትርጉም አለው። መስከረም ላይ 3 ያገኘ ፖኒ ደህና ነው፤ የካቲት ላይም 3 ከሆነ ግን ብርዱ ሥራውን አልሠራም፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሣሩ ሲፈነዳ ወደ 4 ይሄዳል። ስለዚህ ለመቀነስ ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ የብርዱ ወራት ነው። ጤነኛ፣ ጠጉሩ ያልተላጨ፣ ከነፋስና ከዝናብ መጠለያ ያለው አገር በቀል ፖኒ በአብዛኛው ብርድ ልብስ አያስፈልገውም። «በርዶታል» ብለን የምንደርብለት እኛ ስለበረደን ነው። ያረጀ፣ የታመመና የከሳ ፖኒ ግን ከዚህ ውጭ ነው።

ነጥቡ 3.5 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ

በመጀመሪያ ማድረግ የሌለብዎትን ልጻፍ፣ ሰው በድንጋጤ የሚሠራው ስለሆነ። ፖኒውን በፍጹም አያስርቡት። ምግብ በድንገት የተቋረጠበት ወፍራም ፖኒ ያከማቸውን ስብ በብዛት ወደ ደሙ ይለቀዋል፤ ጉበቱ መቋቋም ያቅተዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ሃይፐርሊፒሚያ ይባላል። ሼትላንዶች፣ ያረገዙና የሚያጠቡ ባዝራዎች፣ አህዮችም ለዚህ ቅርብ ናቸው። ወፍራም ፖኒ ድንገት መብላት ካቆመ ወይም ከፈዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ይጠሩ።

መቀነሻው መንገድ መኖውን መመዘን ነው። ገብስ፣ አጃ፣ ጣፋጭ የተቀላቀለበት መኖ፣ ካሮት በባልዲ፣ ይህ ሁሉ ይቁም። ልጆች በፍቅር የሚሰጡትንም ጭምር፤ ልጁ ፖኒውን በብሩሽ እየቦረሸ ፍቅሩን ያሳየው። የቀን ድርሻው፣ ውኃው ሳይቆጠር፣ የክብደቱ 1.5 በመቶ ያህል ይሁን። ለ257 ኪሎው ፖኒ ወደ 3.9 ኪሎ ደረቅ ነገር ማለት ነው፤ ድርቆሽ ውስጥ የተወሰነ እርጥበት ስላለ በሚዛን ላይ 4.5 ኪሎ ገደማ ይወጣል። በእጅ መጠን አይስጡ፤ የሻንጣ መመዘኛ በመንጠቆው ላይ መረቡን አንጠልጥሎ ይመዝንልዎታል። ከዚህ ማሳነስ የሚቻለው በሐኪም ምክር ብቻ ነው።

ድርቆሹን ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ አድርገው በቀን በሦስት በአራት ጊዜ ይስጡ፤ የፈረስ ጨጓራ ለረጅም ሰዓት ባዶ መቆየት አይወድም። ደረቁን ከመዘኑ በኋላ ውኃ ውስጥ ቢዘፈዝፉት ከስኳሩ ከፊሉ ይወጣል። ውኃውን ይድፉት፤ በሙቀት ቀን ደግሞ ሳይቦካ ቶሎ ይበላ። መዘፍዘፍ ማዕድናትንም ስለሚያጥብ፣ መኖውም ስለቀነሰ፣ ጉልበት የማይጨምር የቫይታሚንና የማዕድን ማሟያ በየቀኑ በትንሹ ያስፈልገዋል።

ግጦሹን በተመለከተ ብዙዎች «በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የምለቀው» ይላሉ። ፖኒ ግን ብልህ ነው፤ ሰዓቱ አጭር መሆኑን ሲለምድ በዚያች ጊዜ ውስጥ ባለማቋረጥ ይግጣል፣ የቀኑንም ድርሻ ትልቅ ክፍል ያነሣል። ከሰዓት ይልቅ ሣሩን መገደብ ይሻላል፦ በኤሌክትሪክ አጥር ጠባብ አድርጎ ከፍሎ ማስጋጥ፣ ወይም አፉ ላይ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የግጦሽ መገደቢያ ማጥለቅ። መገደቢያው ቀን ከሌሊት አይቀመጥበት፤ ውኃ መጠጣት መቻሉን ቆመው ይዩ፣ ፊቱንም እንዳይልጠው በየቀኑ ይፈትሹ። በብርድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሣሩ ስኳር ያዘለ ስለሚሆን እንዲህ ባለ ጠዋት አይልቀቁት።

ፖኒው የማያነክስ ከሆነ እንቅስቃሴ ይጨምሩ፤ በእርምጃ ይጀምሩ፣ ሶምሶማውን ቀስ በቀስ ያርዝሙ፣ ዳገት ካለ ዳገት ይውጣ። በሳምንት ከክብደቱ ከግማሽ እስከ 1 በመቶ ቢቀንስ በቂ ነው፤ ለምሳሌያችን ፖኒ ከ1.3 እስከ 2.6 ኪሎ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ሲራመድ እንደ ሰባራ ጠርሙስ ላይ የሚሄድ ያህል የሚጠነቀቅ፣ ጠንካራ መሬት ላይ መዞር የሚቸግረው፣ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት አውጥቶ ወደ ኋላ ወደ ተረከዙ የሚደገፍ፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ደጋግሞ የሚያቀያይር ፖኒ ካዩ ላሚናይተስ ይጠርጥሩ። ከሰኮናው በላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ፣ ግራና ቀኝ ያለውን የደም ሥር በጣትዎ ይያዙ፤ በጤነኛ ፖኒ ትርታው በጭንቅ ይገኛል። ጎልቶ የሚመታ ከሆነ ጊዜ አይስጡት። ሐኪም ይጠሩ፣ ከሣሩ ያውጡት፣ እግሩ ሥር ጥልቅና ለስላሳ ጉዝጓዝ ያንጥፉለት፣ «ይፍታታ» ብለው አያስኬዱት። ይህን ትርታ ፖኒው ደህና በሆነበት ቀን እየዳሰሱ ይለማመዱ፤ ያልተለመደውን ለማወቅ የተለመደውን ጣትዎ ማወቅ አለበት።

ጋጣ ውስጥ «ዝርያው ነው፣ ሣር ሸትቶም ይወፍራል» የሚል ሰው አይጠፋም። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ለዚያም ነው ጠንክሮ መጠበቅ የሚያስፈልገው። በትርዒት ሜዳ ላይም ክብ ፖኒ ሲሸለም ሊያዩ ይችላሉ። ዳኛው የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በግንቦት ሌሊት ፖኒው ተኝቶ አልነሣም ሲል ጋጣ የሚገኙት እርስዎና ልጅዎ ናችሁ።

መኖውን መዝነው ሰጥተው፣ ግጦሹን ገድበው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ሜትሩ ካልቀነሰ ጥፋቱን በራስዎ ላይ ከመጫንዎ በፊት ሐኪሙን የኢንሱሊን ምርመራ እንዲያደርግለት ይጠይቁ። ደብተሩን ከነፎቶው ይዘው ይቅረቡ፤ ቀኑ፣ የሦስቱ ቦታ ነጥብ፣ የማጅራቱ ነጥብ፣ የደረትና የሆድ ዙሪያ፣ የሚበላው ድርቆሽ በኪሎ። ሐኪሙ የሚጠይቅዎ እነዚህኑ ነው።